የደም ጓልና የሐኪም ግምት



አንድ ሰው «ትንፋሽ አጠረኝ፥ ደረቴን ወጋኝ» እያለ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሲገባ፥ ተረኛው ሐኪም ከፊቱ የሚያየው አንድ በሽታ አይደለም፤ ብዙ በሽታዎች የሚገናኙበት መስቀለኛ መንገድ ነው። ሕመሙ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ የልብ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ የጎድን ሥጋ መጐዳት ወይም ብርቱ ድንጋጤ ብቻም ሊሆን ይችላል። ከነዚህ ሁሉ መካከል ግን ተሸሽጎ የሚመጣ አንድ አለ። ይኸውም ከእግር ወይም ከዳሌ ደም መልስ ሥር ውስጥ የረጋ ደም ተቈርሶ፥ በደም ጐዳና ተጕዞ፥ በልብ አልፎ፥ በሳንባ ደም ቅዳ ሥር ውስጥ ሲሰነቀር የሚመጣው ሕመም ነው። ሐኪሞች ፐልሞነሪ ኤምቦሊዝም ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የሳንባ ደም ጓል እንለዋለን።

ይህ ሕመም የራሱ ብቻ የሆነ ምልክት የለውም። ጓሉ ትልቅ ሲሆን ሰውየው ከአልጋው እንደ ተነሣ ወድቆ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ትንሽ ሲሆን ደግሞ የጎን ውጋት ብቻ መስሎ ያልፋል። ነገር ግን ትንሹ አንዳንድ ጊዜ የትልቁ መልእክተኛ ነው። መድኃኒት አለው፤ መድኃኒቱ ግን ደም እንዳይረጋ የሚከለክል ስለ ሆነ፥ ለማያስፈልገው ሰው ቢሰጥ በሆድ ወይም በአንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ሳይጠረጥር ቢቀር ሰው ይሞትበታል፤ ያለ ልክ ቢጠረጥርም ሰው ይጐዳበታል።

«ጠርጥር፥ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለውን የአባቶች ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። ለሐኪም ግን መጠርጠር ብቻውን አይበቃውም፤ «ምን ያህል ልጠርጥር?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ዛሬ የምንተርክላችሁ ታሪክ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በበርሊን ከተማ፥ ሻሪቴ በተባለው ታላቅ ሆስፒታል የሬሳ መመርመሪያ ክፍል ውስጥ ነው። በ1846 ዓመት ገና ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው ሩዶልፍ ፊርኾ የተባለ ሐኪም በዚያ ይሠራ ነበር። በዚያ ዘመን በፓሪስ የነበረው ዝነኛው ሊቅ ዣን ክሩቬልዬ የብዙው በሽታ ሥር የደም መልስ ሥሮች መቍሰል ነው ብሎ ያስተምር ስለ ነበረ፥ በሳንባ ሥሮች ውስጥ የሚገኘው የረጋ ደም እዚያው በቦታው የበቀለ ይመስላቸው የነበሩ ብዙዎች ናቸው። ፊርኾ ግን ሬሳዎቹን እየከፈተ ሲመለከት፥ በሳንባቸው ጓል ከተገኘባቸው ሰዎች በብዙዎቹ በእግራቸው ወይም በዳሌያቸው ሥር ውስጥም ሌላ ጓል መኖሩን አስተዋለ። «ይህ ከዚያ ተቈርሶ የመጣ ነው» ብሎ ዐሰበ። ነገር ግን ሐሳብ ብቻ ማስረጃ ስላልሆነ፥ በውሾች ላይ ሞከረው። የጎማ ቍራጭ፥ የሥጋ ቍራጭና የረጋ ደም በደም መልስ ሥሮቻቸው አስገብቶ፥ ኋላ ሲከፍታቸው በሳንባቸው ሥሮች ውስጥ ተሰንቅሮ አገኘው። «ኤምቦሊያ» የሚለውን ስም ከግሪክ ቋንቋ ወስዶ ያወጣለት እሱ ነው።

ይህ ሰው ኋላ በፖለቲካም ገብቶ በምክር ቤት ከቢስማርክ ጋር ሲከራከር የኖረ፥ በ1865 ዓመትም ቢስማርክ ከቍጣው ብዛት የተነሣ «እንጋጠም» ብሎ የጠራው ሰው ነው። ያ ሌላ ታሪክ ስለ ሆነ እዚህ አናስገባውም። ለኛ የሚያስፈልገን አንድ ነገር ነው፤ ደም በሥር ውስጥ የሚረጋባቸው ሦስት ምክንያቶች ተብለው እስከ ዛሬ በሕክምና ትምህርት ቤት የሚጠኑት በስሙ ይጠራሉ። እነሱም የደም ፍሰት መዘግየት፥ የሥር ግድግዳ መጐዳት፥ የደሙ ራሱ ለመርጋት መፍጠን ናቸው። እንዲህ በአንድነት ተሰድረው «የፊርኾ ሦስቱ» የተባሉት እሱ በ1902 ዓመት ከሞተ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሆኖም ዛሬ በድንገተኛ ክፍል ሐኪሙ በሽተኛውን «በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልህ ነበርን? አልጋ ላይ ቆይተህ ነበርን? ነቀርሳ አለብህን?» ብሎ ሲጠይቀው፥ ሳያስበው የፊርኾን መንገድ እየሄደ ነው።

የፊርኾ ዕውቀት ግን የሙታን ዕውቀት ነበረ። በሕይወት ያለ በሽተኛ ሳንባ ውስጥ ጓል መኖሩን በምን እናውቃለን የሚለው ጥያቄ ገና አልተነካም ነበር። የዚህን ጥያቄ ክብደት በተለይ የቀመሱት የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ናቸው። በሽተኛቸው ቀዶ ሕክምናውን በደኅና ይጨርስና፥ ከሳምንት በኋላ ከአልጋው ሲነሣ በድንገት ወድቆ ይሞትባቸዋል። በላይፕሲግ ከተማ የነበረው ፍሪድሪኽ ትሬንደለንቡርግ እንዲህ ያሉት በሽተኞች ሁሉ በቅጽበት እንደማይሞቱ፥ አንዳንዶቹ ለሩብ ሰዓት ያህል ወይም ከዚያም በላይ እንደሚቈዩ አስተውሎ፥ በዚያች ጊዜ ውስጥ ደረትን ከፍቶ ጓሉን ማውጣት ይቻላል ብሎ በ1908 ዓመት ዘዴውን ለሐኪሞች ገለጠ። በእጁ ከዚህ ቀዶ ሕክምና የዳነለት አንድም ሰው የለም። የመጀመሪያው የዳነ ሰው የተገኘው በ1924 ዓመት፥ በኬኒግስበርግ፥ በደቀ መዝሙሩ በማርቲን ኪርሽነር እጅ ነው። ትሬንደለንቡርግ በዚያው ዓመት መጨረሻ ስለ ሞተ፥ ይህን ፍሬ ሳያይ አልቀረም።

አንባቢ ሆይ፥ በዚያ ጊዜ የነበረውን የሐኪሙን ጭንቀት እስኪ ይገምቱት። ቶሎ ብሎ ደረት ቢከፍት፥ ምናልባት በሽተኛው ጓል የሌለበት ወይም ራሱ ሊድን የሚችል ሰው ይሆንና በከንቱ ይገድለዋል። ቢዘገይ ደግሞ የሚከፍተው ሬሳ ነው። በእጁ ያለው መሣሪያ ዐይኑ፥ ጆሮውና የልብ ትርታ የሚዳስስበት ጣቱ ነበር።

ምልክት ፍለጋው ቀጠለ። በ1935 ዓመት በቦስተን ከተማ ማክጊንና ዋይት የተባሉ ሁለት ሐኪሞች፥ በሳንባ ትልቅ ጓል ሲሰነቀር የልብን ኤሌክትሪክ በሚጽፈው መሣሪያ ላይ ልዩ የሆነ ቅርፅ እንደሚታይ አስታወቁ። ያ ቅርፅ እስከ ዛሬ ይጠናል፤ ነገር ግን ጓል ያለባቸው ብዙዎቹ አያሳዩትም። በዚያው ከተማ የነበረው ጆን ሆማንስ ደግሞ እግርን ወደ ላይ ሲያጥፉት በባት ላይ የሚሰማ ሕመም የጓል ምልክት ነው ብሎ አስተማረ፤ ምልክቱም በስሙ ተጠራ። ኋላ ሲመረመር ግን ጓል በሌለባቸው ሰዎችም ይገኛል፤ ካለባቸውም ከብዙዎቹ ይታጣል። ስም የወጣለት ምልክት ሁሉ እውነት አይደለም።

ሆማንስን ግን በዚህ ብቻ ማስታወስ ግፍ ነው። በ1954 ዓመት ለረጅም ጊዜ መቀመጥ ራሱ በእግር ውስጥ ደም እንደሚያረጋ፥ በአውሮፕላንና በአውቶሞቢል ረጅም መንገድ የተጓዙትን፥ ቴያትር ቤት ተቀምጠው ያመሹትንም ጭምር እየጠቀሰ ጻፈ። ከሱ አስቀድሞ በ1940 ዓመት፥ ለንደን ከተማ በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብ፥ ኪት ሲምፕሰን የተባለው የሬሳ መርማሪ ሐኪም ሌሊቱን በመሸሸጊያ ውስጥ በሸራ ወንበር ተቀምጠው ካደሩት ሰዎች መካከል በሳንባ ጓል የሚሞቱት እጅግ መብዛታቸውን አስተውሎ ነበር። የወንበሩ የፊት እንጨት ጭንን ከታች እየተጫነ የደምን መንገድ ይዘጋ ነበር። ከቦምብ የሸሸውን ሰው ወንበር ገደለው ማለት ነው። በ1947 ዓመት ደግሞ ሪቻርድ አሸር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም አልጋ ላይ መቈየት ራሱ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አስጠነቀቀ። ከዚያ በፊት «ተኛ፥ አትነሣ» ማለት የሐኪም ደግነት መስሎ ይታይ ነበር። ከጧት እስከ ማታ ከጠረጴዛ ፊት ሳንነሣ ለምንውል ለኛ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ይህ ክፍል በተለይ ሳይመለከተን አይቀርም።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንለፍ፤ የመገመቱ ነገር ዋጋ ያገኘው መድኃኒት ከተገኘ በኋላ ነውና። በ1916 ዓመት በአሜሪካ አገር በጆንስ ሆፕኪንስ ጄይ ማክሊን የተባለ የሕክምና ተማሪ ደምን የሚያረጋ ነገር ሲፈልግ፥ ባጋጣሚ ደም እንዳይረጋ የሚከለክል ነገር አገኘ። መምህሩ ሃውል በ1918 ዓመት፥ ከጉበት የወጣ ስለ ሆነ፥ ሄፓሪን ብሎ ሰየመው። ተጣርቶ ለሰው የተሰጠው ግን በ1930ዎቹ ዓመታት በቶሮንቶና በስቶክሆልም ነው። ሁለተኛው መድኃኒት ከከብት በረት መጣ። በሰሜን አሜሪካ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልረጋ እያለ ያልቁ ነበር፤ በ1933 ዓመት በበረዶ ማዕበል መካከል አንድ ገበሬ የሞተች ጊደርና በወተት ቆርቆሮ የማይረጋ ደም ጭኖ ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፥ ወደ ካርል ፖል ሊንክ ቤተ ሙከራ መጣ። ከዚያ በተጀመረው ምርምር ዋርፋሪን የተባለው ተገኘ። በ1948 ዓመት መጀመሪያ የተሸጠው ለአይጥ መርዝነት ነው፤ በ1955 ዓመት ግን ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን በታመሙ ጊዜ ይኸው መድኃኒት ተሰጣቸው።

መድኃኒቶቹ በሥራ ላይ ቢውሉም፥ በውነቱ ሰውን ከሳንባ ጓል ያድናሉን ብሎ በሚገባ የመዘነ አልነበረም። ይህን ያደረጉት በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ባሪትና ጆርዳን የተባሉ ሐኪሞች ናቸው። ጓል አለባቸው ብለው በምርመራ ያመኑባቸውን በሽተኞች በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። መድኃኒት ካልተሰጣቸው 19 ሰዎች መካከል አምስቱ በሳንባ ጓል ሞቱ፤ ሌሎች አምስት ደግሞ ሳይሞቱ ሕመሙ ተመለሰባቸው። መድኃኒት ከተሰጣቸው 16 ሰዎች መካከል በሳንባ ጓል የሞተ አንድም አልነበረም። ሐኪሞቹ ይህን ባዩ ጊዜ ከእንግዲህ ለማንም መድኃኒቱን መከልከል ኀጢአት ነው ብለው ዕጣውን አቆሙ። ጽሑፋቸው በ1960 ዓመት ወጣ። የሠላሳ አምስት ሰዎች ነገር ነው፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የተሠራው ሁሉ በዚህች ትንሽ መሠረት ላይ ቆመ።

ልብ ይሏል፤ የብሪስቶል ሐኪሞች በሽተኞቻቸውን የመረጡት በግምት ነበረ። መድኃኒቱ የሚያድን መሆኑ ከታወቀ ወዲህ፥ ጓል የሌለበትን ሰው ለይቶ ከመድኃኒቱ ማዳን ሌላው ግዳጅ ሆነ። በ1964 ዓመት በጆንስ ሆፕኪንስ ዋግነርና ባልንጀሮቹ ጨረር የሚሰጥ ጥቃቅን ነገር በደም ሥር አስገብተው፥ ደም የማይደርስበትን የሳንባ ክፍል በሥዕል ማሳየት ቻሉ። ይህ ትልቅ ደስታ ሆነ፤ ሐኪም ከእንግዲህ ያያል እንጂ አይገምትም ተባለ።

ደስታው ሙሉ አልነበረም። በአሜሪካ አገር የተደረገውና በ1990 ዓመት የታተመው ፒዮፔድ የተባለው ታላቅ ምርመራ፥ ሥዕሉ «በርግጥ ይመስላል» የሚለው ጓል ካለባቸው ሰዎች ከመቶ 41ዱን ብቻ እንደ ሆነ አሳየ፤ የብዙዎቹ ሥዕል ከርግጠኛ አዎንና ከርግጠኛ አይደለም መካከል የሚዋልል ነበር። ነገር ግን በዚያ ምርመራ ውስጥ አንድ ብልህ ነገር ተደርጎ ነበር። ሐኪሞቹ ሥዕሉን ከማየታቸው በፊት «በዚህ ሰው ላይ ጓል የመኖሩ ዕድል ከመቶ ስንት ይመስልሃል?» ተብለው ግምታቸውን አስቀድመው እንዲጽፉ ተደረገ። ግምቱም ሥዕሉም «አዎን» ባሉ ጊዜ ከመቶ 96ቱ ላይ ጓል ተገኘ፤ ሁለቱም ዝቅተኛ ነው ባሉ ጊዜ ከመቶ በአራቱ ላይ ብቻ ተገኘ። ኋላ ቀርነት መስሎ የታየው የሐኪም ግምት፥ ለመሣሪያው መተርጐሚያ ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው።

ታዲያ ግምት ከሰው ሰው ይለያያል። ሃያ ዓመት የሠራ ሐኪም የሚገምተውና ትናንት የተመረቀው የሚገምተው አንድ አይደለም። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት፥ አርባ በሽተኛ ካየ በኋላ የሚገምተውም ጧት ከሚገምተው ይለያል። በካናዳ ዋና ከተማ በኦታዋ ፊሊፕ ዌልስና ባልንጀሮቹ ይህን ግምት በነጥብ ለመስፈር ተነሡ። በ1998 ዓመት በ1,239 በሽተኞች ላይ የፈተኑትን አሳተሙ፤ ቀጥለውም በ2000 ዓመት እጅግ አቀለሉት። ሰባት ጥያቄ ብቻ ቀረ። የእግር ሥር ጓል ምልክት ካለ ሦስት ነጥብ፤ የልብ ትርታ በደቂቃ ከመቶ በላይ ከሆነ አንድ ተኩል፤ በአራት ሳምንት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ወይም አልጋ ላይ መዋል ካለ አንድ ተኩል፤ ከዚህ በፊት ጓል ይዞት ከነበረ አንድ ተኩል፤ ደም ያለበት አክታ ካለ አንድ፤ ነቀርሳ ካለ አንድ። ሰባተኛው ግን ከሁሉ የተለየ ነው፤ ሐኪሙ «ይህን ሕመም ከጓል ይልቅ የሚመስል ሌላ በሽታ አላገኘሁም» ካለ ሦስት ነጥብ ይጨመራል። ድምሩ ከአራት በላይ ከሆነ ጓል ያስጠረጥራል።

ምሳሌ እንስጥ። የአምሳ ሁለት ዓመት ሰው ከሁለት ሳምንት በፊት የቡአ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፥ ዛሬ ትንፋሽ አጥሮት መጣ እንበል፤ የልቡ ትርታ 108 ነው፤ ሌላ ምልክት የለውም። ለቀዶ ሕክምናው አንድ ተኩል፥ ለትርታው አንድ ተኩል፥ ድምሩ ሦስት ነው። ሐኪሙ «ይህ የሳንባ ምች ይመስለኛል» ካለ በሦስት ይቀርና በደም ምርመራ ይጀመራል። «ከጓል በቀር ሌላ አይታየኝም» ካለ ግን ድምሩ ስድስት ይሆንና በሽተኛው በቀጥታ ወደ ሥዕል ምርመራ ይሄዳል። እንግዲህ በቍጥር የታጠረው መንገድ መካከሉ ላይ የሐኪሙ ፍርድ ቆሞ ይገኛል። ይህን እንደ ጕድለት የቈጠሩት አሉ፤ እኔ ግን ዌልስ ያየውን እውነት ባይሸሽግ ጥሩ አደረገ እላለሁ።

የደም ምርመራው ዲ-ዳይመር ይባላል። ሰውነት የረጋ ደምን ሲያሟሟ የሚተርፈውን ፍርፋሪ የሚለካ ነው። ፍርፋሪው ከሌለ ጓሉም የለም ለማለት ያስደፍራል፤ ፍርፋሪው መገኘቱ ግን ብዙ አይናገርም፤ እርግዝናም፥ የሳንባ ምችም፥ ቀዶ ሕክምናም፥ እርጅናም ያበዛዋልና። ዌልስ በ2001 ዓመት በአራት የካናዳ ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል 930 ሰዎችን በነጥቡና በዚህ ምርመራ አንድነት ፈተነ። ነጥባቸው ዝቅተኛ ከሆነው መካከል ጓል የተገኘባቸው ከመቶ 1.3 ነበሩ፤ ከመካከለኞቹ 16.2፤ ከከፍተኞቹ 37.5። ነጥባቸው ዝቅ ብሎ የደም ምርመራቸውም ንጹሕ የሆነ 437 ሰዎች ያለ ሥዕል ምርመራ ወደ ቤታቸው ሲሰናበቱ፥ ኋላ ጓል የተገኘበት አንድ ሰው ብቻ ነበረ።

በጄኔቫ የነበሩ ሐኪሞች ደግሞ የሐኪምን አስተያየት ፈጽሞ ያስወጣ መስፈሪያ አዘጋጁ። በ2006 ዓመት የታደሰው የጄኔቫ ነጥብ ዕድሜንና የልብ ትርታን የመሰለ ማንም የሚያየውን ብቻ ይቈጥራል። ከላይ የተናገርንለት ሰው በዚህ መስፈሪያ ሰባት ያገኝና ከመካከለኞቹ ይመደባል፤ ሐኪሙ ማንም ቢሆን ያው ሰባት ነው።

በዚህ መካከል መሣሪያው ራሱ ተለወጠ። በ1992 ዓመት በፈረንሳይ አገር በሊል ከተማ ማርቲን ረሚ-ዣርደንና ባልንጀሮቿ በሲቲ ስካን የሳንባን ሥሮች በደቂቃ ውስጥ ማየት እንደሚቻል አሳዩ። ድንገተኛ ክፍሎች ይህን በታላቅ ደስታ ተቀበሉት፤ ከመጠን ባለፈ ደስታም ተቀበሉት። በአሜሪካ አገር ጓል ተገኘባቸው የሚባሉት ሰዎች ቍጥር በ1998 ዓመት ከመቶ ሺሕ 62 የነበረው በ2006 ዓመት ወደ 112 ወጣ፤ በሕመሙ የሚሞቱት ሰዎች ቍጥር ግን በዚያው ልክ አልቀነሰም። መሣሪያው ቀድሞ ማንንም የማይገድሉትን ጥቃቅን ጓሎች ጭምር እየለቀመ ነበር ማለት ነው፤ ለተለቀመው ሁሉ ደግሞ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይሰጣል። በ2006 ዓመት የታተመው ሁለተኛው ፒዮፔድ እንዲህ ያለውን ሲመረምር፥ ሐኪሙ «ዕድሉ ዝቅተኛ ነው» ባለበት ሰው ላይ ሥዕሉ «አለ» ሲል ልክ ሆኖ የተገኘው ከመቶ በ58ቱ ብቻ መሆኑን አሳየ።

ጀፍሪ ክላይን የተባለ በኖርዝ ካሮላይና የነበረ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ጥያቄውን ገልብጦ ጠየቀ። «ማንን ልመርምር?» ማለትን ትቶ «ማንን ፈጽሞ ሳልመረምር ልተው?» አለ። የምርመራውን ጉዳት፥ ይኸውም የጨረሩን፥ በሥር የሚገባውን ቀለም፥ ያለ ጥቅም የሚሰጠውን መድኃኒት ጉዳት በአንድ ወገን፥ ጓሉን ሳያገኙ መቅረትን በሌላ ወገን መዝኖ፥ ጓል የመኖሩ ዕድል ከመቶ 1.8 በታች ከሆነ መመርመሩ ከመተዉ ይልቅ ይጐዳል ወደሚል ሒሳብ ደረሰ። በ2004 ዓመትም ስምንት ነገሮችን ዘረዘረ። ዕድሜው ከአምሳ በታች፥ ትርታው ከመቶ በታች፥ በደሙ ያለው ኦክስጅን ከመቶ 95 ወይም ከዚያ በላይ፥ ደም ያለበት አክታ የሌለው፥ ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል የማይወስድ፥ ቀድሞ ጓል ያልያዘው፥ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ወይም ከባድ አደጋ ያላገኘው፥ አንድ እግሩ ያላበጠ ሰው፥ ሐኪሙም አስቀድሞ ዕድሉ ዝቅተኛ ነው ብሎ ከገመተ፥ የደም ምርመራ እንኳ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ስለ 95 ቍጥር አንድ ቃል ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በደጋ አየር ውስጥ ጤነኛ ሰውም በደሙ ያለው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ሰው ዝቅ ይላል። ስለዚህ የባሕር ዳር ሰው የሰፈረውን ቍና በደጋ አገር እንዳለ መጠቀም ጤነኛውን ሰው በከንቱ ሊያስመረምረው ይችላል። መስፈሪያ ሁሉ የተሠራበት አገር አለው።

የክላይን ዝርዝር በርግጥ ሰውን አይጐዳምን ተብሎ በፈረንሳይ አገር በ14 ድንገተኛ ክፍሎች በ1,916 ሰዎች ላይ ተፈተነ፤ ውጤቱም በ2018 ዓመት ታተመ። ዝርዝሩን በተጠቀሙት ወራት ሲቲ ስካን የተነሡት ከመቶ 13 ሲሆኑ፥ ባልተጠቀሙት ወራት 23 ነበሩ። በዝርዝሩ ምክንያት ሳይታይ ያለፈ ጓል አንድ ነበረ።

በሆላንድ ደግሞ ከዌልስ ሰባት ጥያቄዎች ሦስቱን ብቻ አስቀሩ። እነሱም የእግር ጓል ምልክት፥ ደም ያለበት አክታ፥ እንዲሁም ያ የሐኪሙ ፍርድ ናቸው። ከሦስቱ አንድም ካልተገኘ የዲ-ዳይመሩ ልክ ከ500 ወደ 1,000 ከፍ ይላል፤ አንዱ እንኳ ከተገኘ በ500 ይቀራል። በ2017 ዓመት በ3,465 ሰዎች ላይ የታተመው ይህ ዘዴ ያለ ሥዕል ምርመራ የሚሰናበተውን ሰው አበዛ። ለሽማግሌዎችም ከዚህ ቀደም በ2014 ዓመት የተፈተነ ሌላ ልክ አለ፤ ከአምሳ ዓመት በላይ የሆነው ሰው ዕድሜው በዐሥር ይባዛል፤ ለሰባ ዓመት ሰው 700 ልኩ ነው። ቀድሞ እርጅናቸው ብቻ ያስጠረጠራቸው ብዙ ሽማግሌዎች በዚህ ሒሳብ ከመሣሪያው ሥር ከመተኛት ድነዋል።

ጓሉ ተገኘ እንበል። ከዚያ የሚቀጥለው ግምት ሌላ ነው፤ ይህ ሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ የመሞቱ ዕድል ምን ያህል ነው? አልጋ ይሰጠው ወይስ ወደ ቤቱ ይሂድ? ለዚህም በ2005 ዓመት ፔሲ የተባለ ዐሥራ አንድ ጥያቄ ያለው መስፈሪያ ወጣ፤ በ2010 ዓመት ወደ ስድስት አጠረ። ከስድስቱ አንድም የሌለበት ሰው፥ ማለት ዕድሜው ከሰማንያ ያላለፈ፥ ነቀርሳም የልብና የሳንባ ነባር ሕመምም የሌለበት፥ ትርታው ከ110 በታች የሆነ፥ የደም ግፊቱና ኦክስጅኑ ያልወረደ ሰው፥ ዕድሉ ጥሩ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው፥ በቤቱ የሚረዳው ካለና መድኃኒቱን ማግኘት ከቻለ፥ በብዙ አገር በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ የሚዋጥ እንክብል ይዞ ያሰናብቱታል። ከድንገተኛ ክፍሉ በር ሲደርስ በሽተኛው ሁልጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «እንክብሉን እስከ መቼ ልውሰድ?» ይላል። መልሱ ቢያንስ ሦስት ወር ነው፤ ጓሉ ያለ ምክንያት የመጣ ከሆነ ግን ከዚያ በላይ መቀጠሉ በሦስተኛው ወር እንደ ገና ይመከርበታል።